የባቻ ልጅና የልብስ ማጠቢያው ፓምፕ

ዋጋሪ በሳሎኑ ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሞ ክንዱን እስከ ክርኑ ከልብስ ማጠቢያው ሆድ ከቷል። ካቻቢቴውን ሲያዞር የከረመ የሳሙና ውሃ በእጅጌው ገባ። ፓምፑን ፈቶ ጎትቶ አወጣው፤ የነጠላ ክር ተጠምጥሞበት መሽከርከር አቅቶታል።

«ገብረመስቀል፣ አገኘኸው?» አለ ግራዝማች ዓምደሚካኤል ከወንበሩ ሳይነሳ።

«አግኝቼዋለሁ ጌታዬ» አለ ዋጋሪ።

በአፉ አንቱ ይለዋል እንጂ በሆዱ አንተ ካለው ዓመታት አልፈዋል። ነቀምት ውስጥ ሬዲዮ የተበላሸበት፣ መብራት የጠፋበት ሁሉ የሚያውቀው በክርስትና ስሙ ነው። ግራዝማቹም እስከ ዛሬ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎት አያውቅም። ገብረመስቀል የሚባል ሰው የኡኬው የባቻ ልጅ ይሆናል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

የኡኬ ገበሬ የነበረው አባቱ ባቻ አማርኛ አያውቅም ነበር። መሬቱን ሊከራከር ችሎት ፊት ሲቆም አስተርጓሚው ዓምደሚካኤል ነበር፤ ያኔ ገና ግራዝማች አልተባለም። ባቻ «መሬቱ የአባቴ ነው» አለ። ዓምደሚካኤል «ጭሰኛ ነኝ ይላል» ብሎ ተረጎመ። ባቻ የተባለለትን ከሰው የሰማው ፍርዱ ካለቀ በኋላ ነው። ትንሽ ቆይቶ መሬቱ የአስተርጓሚው ሆነ፤ ባቻ ደግሞ አኖ አካባቢ የሰው በቆሎ ሲጠብቅ ሞተ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ዋጋሪም አልረሳ።

አሁን ያ ሰው እግሩን አነባብሮ አጠገቡ ተቀምጧል። ማሽኑን ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዝቶ ሳሎኑ መሃል ነው ያቆመው። እንግዳ ሲመጣ ሚስቱ ወይዘሮ የሺወርቅ ዳንቴሉን ትገልጣለች፣ እሱ ማብሪያውን ይጫናል። ሌላ ሰው አያስነካም ሲሉ ዋጋሪ ሰምቷል። ወደ ፓምፑ የሚሄደው ሽቦ ደግሞ ልብሱ ተልጧል። ከማሽኑ ቆርቆሮ አስጠግቶ እንዲያው ቢተወው፣ የቀረውን ኤሌክትሪኩ ራሱ ይጨርሰዋል። ማን ይጠይቀዋል? የመብራት ነገር ይባላል፣ ተዝካር ይበላል፣ ያልቃል።

ሽቦውን በሁለት ጣቱ ይዞ ቆየ። ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለው።

ልብስ አጣቢዋ ወለቴ የፈሰሰውን ውሃ ልታደርቅ ጨርቅ ይዛ አጠገቡ ተንበረከከች። እጇ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ያ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ቶሎ ጨርስልኝ እንጂ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጀርባዬ አለቀ። እሳቸው የሚያበሩት ሰው ሲያያቸው ነው፤ በሌላው ቀን እኔ ነኝ።»

ዋጋሪ በሆዱ ተራገመ። ናስትሮውን ከኪሱ አወጣና ሽቦውን ጠቀለለው፤ አልበቃውም፣ ደግሞ በላዩ ጠቀለለ። እልሁ ግን አልበረደም።

ክሩን በቢላ ቆራርጦ አጸዳ፣ ፓምፑን መልሶ አሰረ፣ ጎማውን ወደ ጓሮ ዘረጋ። ወለቴ በባልዲ ውሃ ሞላች። የከተማው መብራት የሚለቀቀው ሲመሻሽ ነው፤ ጥቂት እንደጠበቁ የሳሎኑ አምፖል ቦግ አለ።

ግራዝማቹ እጁን እያሻሸ ወደ ማብሪያው ቀረበ። «እጅህ ይባረክ! ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«ገብረመስቀል የክርስትና ስሜ ነው ጌታዬ። አባቴ ያወጣልኝ ዋጋሪ ነው። የኡኬው የባቻ ልጅ ነኝ።»

የግራዝማቹ ጣት ማብሪያው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ዋጋሪን አየ፣ ማሽኑን አየ፣ ወለሉ ላይ የቀረውን እርጥበት አየ። የወጋውም አልረሳም ኖሯል።

«ያብሩት እንጂ ጌታዬ» አለ ዋጋሪ።

«ምነው፣ ምን ሆኑ?» አለች ወይዘሮ የሺወርቅ።

«ምንም።» ግራዝማቹ እጁን ሰበሰበ። «ወለቴ፣ ነይ አንቺ አብሪው።»

ዋጋሪ የዚህን ሰው ክፋት ልኩን ያወቀ መስሎት ነበር፤ አላወቀውም። ይገድላል ብሎ የፈራውን ነገር ሴትየዋ እንድትነካለት ጠራት! ወለቴ ባለችበት ፈዛ ቀረች። እሷም የዚያው አገር ሰው ናት፤ የባቻን ታሪክ በኡኬ በኩል የማያውቅ የለም፤ የግራዝማቹ ፍርሃትም ገብቷታል። እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ዋጋሪን አየችው።

«ሂን ሶዳቲን፣ ኦቦሌቲ ኮ» አላት።

«ምን አላት?» አለች ወይዘሮ የሺወርቅ ወደ ባሏ ዞራ። ከጎጃም ከመጣች ጀምሮ ኦሮምኛ አልገባ ብሏት ነው የኖረችው፤ በዚያ ቤት አስተርጓሚው እሱ ነው።

ግራዝማቹ ወደ ዋጋሪ አየ።

«አትፍሪ» አለ። «አትፍሪ እህቴ፣ አላት።»

አንዲት ቃል አልጨመረም፣ አንዲት ቃል አልቀነሰም።

ወለቴ ማብሪያውን ተጫነችው። ማሽኑ አጉረመረመ፤ ወዲያው ቆሻሻው ውሃ በጎማው ወደ ጓሮ ይንዶለዶል ጀመር። ወይዘሮ የሺወርቅ እልል አለች።

«ይኸው፣ ደህና ሆነ! ይምጡና ይንኩት እንጂ ግራዝማች!»

ዋጋሪ ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ የተረፈውን ናስትሮ ወደ ከረጢቱ ከተተ፤ አልቸኮለም። በሩ ላይ ደርሶ ዞር ሲል ወይዘሮዋ አሁንም ባሏን ትጠራለች። ግራዝማች ዓምደሚካኤል ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆሟል፤ ሁለቱንም እጆቹን ጋቢው ውስጥ ቀብሯቸዋል።