ካውያ የበላው እኩልታ

እኩልታው የተጻፈበት ላስቲክ በከሰሉ ካውያ ሥር ቸስ አለና ኩምትር አለ። ለተብርሃን ካውያውን ብድግ ብታደርገው ነገሩ አልቋል፤ ልጇ ሰገን ስትጨነቅበት የሰነበተችው እኩልታ እንደ ተለበለበ ጸጉር ተጠቅልሏል።

«ኣደይ!» ሰገን እናቷ ላይ አፈጠጠች። «ምን አደረግሽ?»

«ተጨማዶ አየሁት፣ ተኮስኩት። አስተማሪ የተጨማደደ ነገር ይዛ ትሄዳለች?»

ሰገን አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ አለች። ዛሬ ረፋዱ ላይ ልትቀጠርበት የምትፈልገው ትምህርት ቤት ጠርቷታል፤ እንዴት እንደምታስተምር ልታሳይ። አሜሪካኖቹ ቃኘው የጦር ሰፈራቸው ውስጥ ጥለውት የሄዱት ማሽን አለ፤ ላስቲክ ላይ የተጻፈውን በብርሃን አጉልቶ ግድግዳ ላይ የሚያወጣ። ታጋይ የነበረው ርእሰ መምህር አስገዶም «የምቀጥረው በዚህ ማስተማር የሚችለውን ነው» ብሏል። የሰጣት ላስቲክ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ይኸው ካውያው ላይ ተጣብቋል።

«በቃ፣ ቀረ።»

«ምን ይቀራል? ክፉ አታውሪ!»

ለተብርሃን በገጀረት ሰፈር ቪላዎች የሰው ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። ጥፋቷን በልቧ ብታምን እንኳ በአፏ አታወጣውም። ቤቱን በዓይኗ ዞረችውና መስኮቱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል መስተዋቱ ረግፎ በቦታው የራጅ ፊልም ለጥፋለች። የልብስ ጥቅል እንደ ተሸከመች ደረጃ ላይ ወድቃ እጇ የተሰበረ ጊዜ የተነሣችው ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በአጥንቶቿ በኩል ገብታ ጣቶቿን መሬት ላይ ትዘረጋቸዋለች። ለተብርሃን ረግጣቸው አታውቅም፤ ዞር ብላ ነው የምታልፈው።

ገንጥላ አወረደችው።

«እጅሽ እኮ ነው!»

«እጄማ ይኸው!» ቀኝ እጇን ልጇ አፍንጫ ሥር አወናጨፈች። «ያ ሥዕሉ ነው። በረኪናውን አቀብዪኝ።»

ሳፋ ውስጥ ነክራ ታሸው ጀመር፤ የሸሚዝ አንገትጌ እንደምታሽ። ጥቁሩ እየተላጠ እንደ ጥላሸት ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ግን ገና ሳይጠራ በረኪናው አለቀ።

ሰገን ፊልሙን ወደ ብርሃኑ አነሣችው። «ጉም የመሰለ ነገር ቀርቶበታል። ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። ለመሳቅም ቢሆን ማየታቸው አይቀር። ጻፊ!»

ሰገን በቀሚሷ አድርቃው መጻፍ ጀመረች። እናቷ ዳግመኛ ምንም እንዳትነካ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ በትከሻዋ ላይ አሻግራ ተመለከተች።

«ያን ባለ ጣራውን እንዳትረሺው።»

«ስኩዌር ሩት ነው የሚባለው።»

«ይባል። ጣራ ነው። ሥሩ ያሉትን ቁጥሮች ዝናብ እንዳይመታቸው።»

ሰገን ሳቋ አመለጣት። ከነጋ የመጀመሪያዋ ነው።

ጽፋ ስትጨርስ ለተብርሃን ክንዷን ይዛ ወደ ግድግዳው ወሰደቻት። በባዶው መስኮት የገባው የፀሐይ ብርሃን ኖራው ላይ አራት ማዕዘን ሠርቷል። «እዚህ ያዢው፤ ቅረቢ፣ ቅረቢ።»

ቁጥሮቹ ግድግዳው ላይ ወጡ፤ ጣራውም ከነማገሩ። ከበስተኋላቸው፣ በረኪናው ባልጨረሰው ጉም መካከል፣ አምስት ጣቶች በብርሃን ተዘርግተዋል።



«እስቲ ጓለይ፣» አለቻት ለተብርሃን ልጇን ቀስ ብላ፣ «እኔን አስተምሪኝ። ይኼ ምን ይላል?»

ሰገን ጉሮሮዋን ጠረገች። «እሺ፣ ተማሪዎች…» ብላ ጀመረች።

ለተብርሃን ቀኝ እጇን ግድግዳው ላይ ጣቶቹ በተዘረጉበት አኖረች። ጣራው በእጇ ጀርባ ላይ ወጣ።