የእንደራሴው ቤት

የሕዝብ እንደራሴው ክቡር ዴልበርት ስቶክዌል የአየር ንብረት ጥናት ማዕከሉን ሳይዘጉ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው፣ በየካቲት በረዶ መሐል ለወረዳቸው ሕዝብ ቃል ገቡ። የማዕከሉን በጀት የሚያጸድቁት እሳቸው ናቸው። አሜሪካ መሐል፣ ከባሕር ርቃ ባለችው በነብራስካ መንገዶች ሁሉ የተለጠፈው የምርጫ ፎቷቸው «ዓመቱን ሙሉ እዚሁ፣ ከእናንተ ጋር» ይላል። እንደራሴ የሆነ ሰው ወረዳው ውስጥ ይኑር የሚለውን ሕግ ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሮ የመነጽራቸው ቦታ ብቻ ነጥቶ ቀርቷል። የገበሬ ፊት ማለት ይኼ ነው ይላሉ ደጋፊዎቻቸው።

የማዕከሉ ሠራተኛ ኢርማ ኮቫሪክ የምትቆጣጠረው የኮምፒውተር ሞዴል ምድርን በኬክሮስና በኬንትሮስ ይሸነሽናል። ሰው የቦታውን ቁጥር ይልክለታል፤ እሱ የዚያችን ቁራሽ ዕጣ ይናገራል። እንደራሴውም ሊሳለቁበት ብለው የቤታቸውን ቁጥር ላኩ። ሞዴሉ በራሱ መለሰላቸው፦ «ባሕር»።

ምሳ ሳይደርስ አገሩ ሁሉ ሳቀ። ሬዲዮው ገበሬዎች በቆሎ ትተው ዓሣ እንዲዘሩ መከረ።

«ዛሬ ደግሞ ማንን አሰመጥሽ?» አላት አለቃዋ ሮላንድ። ኢርማ አንድ ጊዜ ምዕራቡን እንደ ምሥራቅ አንብባ የነብራስካዋን ከተማ ኦማሃን ቻይና ውስጥ ጥላት ነበር። «ያኔ እንኳ መሬት ላይ ነበር የጣልሽን።»

ኢርማ አልሳቀችም። ማዕከሉ ከተዘጋ እሷም ባልደረቦቿም ሜዳ ላይ መውደቃቸው ነው፤ ጥፋቱም የእሷ። ሞዴሉን ከላይ እስከ ታች ፈተሸች። ሰሜንና ደቡቡ አልተገለበጠም። ምዕራቡም ምዕራብ ነው። ሞዴሉ ግን የደረሰኝ ቁጥር ከነብራስካ እጅግ የራቀ ባሕር ላይ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

በጀቱ በሚወሰንበት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ።

«ክቡርነትዎ፣ ቁጥሩን ሲጽፉ ተሳስተው ይሆን?» አለች ኢርማ።

«እኔ ምን እጽፋለሁ እህቴ? ስልኬ ላይ ‹ቤት› የሚለውን ተጫንኩ፣ ራሱ ላከው። የማድርበትን ያውቃል፤ ካንቺ ማሽን ይሻላል።» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ለምወደው ነገር ሁሉ የእናቴን ስም አወጣለሁ። እርሻዬም ማርጎት፣ ላሜም ማርጎት። ይቺ ልጅ ደግሞ እናቴን ውኃ ውስጥ ከተተችብኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሮላንድ ወደ ኢርማ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ይቅርታ ጠይቂና እንገላገል» አላት።

እሷ ግን ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ምኑን እንዳጠፋች አታውቅማ።

«እዚያ ቦታ ላይ የአየር ጠባይ የሚመዘግብ ተንሳፋፊ ጣቢያ አለ» አለች። «በየንጋቱ ዙሪያውን ፎቶ ያነሣል። ባሕር መሆኑን እንኳ ላሳያችሁ።»

«አሳዪን እንጂ» አሉ እንደራሴው ወንበራቸው ላይ ተደላድለው። «በረንዳዬን ልየው።»

ኢርማ የዓመቱን ፎቶዎች ተራ በተራ ግድግዳው ላይ አበራቻቸው።

ሁሉም ላይ ሰማያዊ ውኃ አለ፤ ውኃው ላይ ያችው አንዲት ነጭ ጀልባ መልሕቋን ጥላ ቆማለች፤ ጀርባዋ ላይ በትልልቁ «ማርጎት» ተብሎ ተጽፏል።