በሸራ የተሸፈነችው መኪና

ነገር ሁሉ የተበላሸው ማክሰኞ ቀን ነው። እስከዚያ ማክሰኞ ሰውየው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መኪና ሻጭ ሆነ።

የፈተና ወረቀት አፈትልኮ ወጣ። የወጣው ከዲኑ መሳቢያ ነው፤ ያወጣው ደግሞ የዲኑ የገዛ ልጅ። ይህን ዲኑም መምህሩም ያውቁ ነበር። የተባረረው ግን መምህሩ ነው። ከዲኑ በር ላይ ቆሞ፣ «ምን አጠፋሁ? እሱን ብቻ ይመልሱልኝ!» እያለ ጮኸ። በሩ ከውስጥ ተቆለፈ። መምህሩ ትንሿን መኪናውን እዚያው ግቢው በር ላይ ለደላላ ሸጠና በእግሩ ሄደ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ፀጉሩ እስኪሸብት ያችን ጥያቄ በሆዱ ይዞ ኖረ። የሥራ ባልደረቦቹ ለማሾፍ «ፕሮፌሰሩ» ይሉታል።

አንድ ጠዋት፣ ሰማዩ እንደከበደ፣ ዲኑ ራሱ ከታክሲ ወርዶ ወደ መኪና መሸጫው መጣ። ጎብጧል። መነጽሩ እንደ ጠርሙስ ቂጥ ወፍሯል። ሲገባ የመስታወቱን በር በግንባሩ ከመግጨት ለጥቂት ተረፈ።

«ደህና መኪና ፈልጌ ነበር ልጄ» አለ። «ትልቅም ትንሽም ያልሆነች፣ ምቾት ያላት፣ ሲረግጧት ደግሞ ጉልበት ያላት። ከአዲሶቹ ልግዛ ካገለገሉት፣ መምረጥ አቃተኝ።»

አላወቀኝም፣ አለ ሻጩ በልቡ። አብስሎ የበላውን ሰው እንኳ አያውቅም።

አዲሷን አሳየው። ወንበሩ ቆዳ ነው፤ ቀለሟ ጥቁር። ዲኑ ጣሪያዋን በእጁ ዳበሰና፣ «እስቲ ግባባት» አለው።

«እኔ?»

«እግርህ ረጅም ነው። ላንተ ከበቃች ለማንም አታንስም።»

ሻጩ ገባ። ጉልበቱ መሪውን አልነካም።

«ጥቁሩ ደስ ይልሃል?»

«እኔ እንኳ ግራጫ ነው የምወደው» አለ ሻጩ። ይህን እንዳለ ጓሮ ያለችው ግራጫ መኪና ትዝ አለችው።

እሷ በሸራ ተሸፍና ነው የምትውለው። ጎርፍ ውጧት የወጣች ናት። ተጠርጋ፣ ተወልውላ፣ ለዐይን ሙሽራ መስላለች። ፀሐይ ሲሆን ምንም አይላትም። ዝናብ ሲመጣ ግን እርጥበቱ የኤሌክትሪክ ገመዶቿ ውስጥ ይገባና መሪዋ በፍጥነት መሃል ድርቅ ይላል። ሁለት ሰዎች ገዝተው መልሰዋታል፤ ሁለተኛው የመጣው በክራንች ነው። የድርጅቱ ባለቤት፣ ተፈትታ ለመለዋወጫ ትሸጥ ብሎ አዟል። ዛሬ ባለቤቱ የለም።

«አንዲት ያገለገለች አለችኝ» አለ ሻጩ። «ላሳጥባትና ይዩዋት።»

መካኒኩ ሸራው ሲገለጥ አየ። «ፕሮፌሰሩ! ያችን ገዳይ ወዴት ነው?»

«ላሳጥባት ነው።»

«የሚታጠብ ሬሳ ነው» ብሎ ሳቀ መካኒኩ። ቀና ብሎ ደመናውን አየና ሳቁን ተወ። «ሰማዩን አይተኸዋል አይደል?»

«አይቼዋለሁ።»

ለሙከራ ሲወጡ ዲኑ፣ «አንተ ንዳ፤ እኔ አጠገብህ ልቀመጥ» አለ። መንገዱ ገና ደረቅ ነበር። መኪናዋ ኮሽ ሳትል ተፈተለከች።

«ሽቶ በዝቶባታል» አለ ዲኑ አፍንጫውን ነፋ ነፋ እያደረገ።

«እንግዳ ስለመጣ ነው።»

«ቤትህ ሩቅ ነው?»

«ሁለት አውቶቡስ ነው። የእርስዎስ?»

«የኔ እዚያ ታች፣ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ።»

ሻጩ ፈገግ አለ። ያን ቁልቁለት ያውቀዋል፤ መታጠፊያው ስር ገደል አለ።

ሲመለሱ ዲኑ ከመኪናዋ አልወረደም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ።

«እንግዲህ እውነቱን ንገረኝ። ይህቺ ትሻላለች ያችኛዋ? ለራስህ ቢሆን የትኛዋን ትወስድ ነበር?»

«ይህችን» አለ ሻጩ፣ ዐይኑን ሳያሽ። «አዲሷ ገና ስሟ ነው የሚሸጠው፤ ይህቺ ተፈትና ያለፈች ናት።»

«ማልልኝ።»

«እናቴን!»

ዲኑ ዋጋ አልተከራከረም። ገንዘብ ቤት ገብቶ ብዙ ቆየ። ሻጩ ውጭ ሆኖ ጠበቀው። የሚለውን ካዘጋጀ ዓመታት አልፈዋል፤ ዲኑ መሪውን ሲጨብጥ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «ምን አጥፍቼ ነበር?» ይለዋል። ከዚያ መሄድ ነው። መልሱን መንገድ ላይ ያስብበት።

የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ የመኪናዋ ግንባር ላይ አረፈች። ዲኑ እያነከሰ መጥቶ ቁልፉን ተቀበለ። በፊት በኩል በዳበሳ ዞረና ከሹፌሩ አጠገብ ያለውን በር ከፍቶ ተቀመጠ። ቀበቶውን አሰረ።

«ጋሼ፣ መሪው እኮ በወዲህ በኩል ነው።»

«ከነዳሁ ቆየሁ፤ ዐይኔ እምቢ ብሎኛል» አለ ዲኑ፣ ቁልፉን መልሶ እየዘረጋለት። «አፈላልጌ ነው ያገኘሁህ። ያን ማክሰኞ መኪናህን ሸጠህ በእግርህ ስትሄድ በመስኮት አይቼሃለሁ፤ የወጋም አይረሳም ልጄ። ምንም አላጠፋህም። ይህቺ ያንተ ናት፣ በስምህ ነው የከፈልኩት፣ ራስህ የመረጥካት ናት። በል ግባና ዝናቡ ሳይብስ ቤቴ አድርሰኝ። ይቅር ትለኛለህ? መልስልኝ እንጂ!»