ትርጉም በጠሀ

«ጋሼ ጠሀ! እርስዎ ዶክተር ነው ያሉን ሰውዬ ፖሊስ ሆኖ ተገኘ እኮ!»

ሠርኬ ሻይ ማዞሯን ትታ፣ ፔርሙዟን ጉልበቷ መሀል አስገብታ፣ ዓይኗን ከሱቄ ቴሌቪዥን ሳትነቅል ነው የምትጮኸው። እኔ የሱሪ እግር እያሳጠርኩ ያልሰማሁ እመስላለሁ። ካሳ ከሱቄ በር ሥር ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይስቃል።

«ያኔም ጠርጥሬ ነበር» ይላል። «ዶክተር ሽጉጥ ምን ያደርግለታል?»

«ለጅብ ነው ብለውን ነበር!» ትላለች ሠርኬ።

ብዬ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚሊኒየሙ ማግስት ዱባይ የሚመላለስ ጎረቤታችን አሁን የምናየውን ይህንኑ ተከታታይ ፊልም በዲቪዲ አመጣልን፤ ከእስር ቤት አምልጠው የሚሸሹ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ። ንግግሩ እንግሊዝኛ፣ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ዓረብኛ። በመደዳችን እንግሊዝኛ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ቁርአን ቀርቼ ፊደሉን ለይቼ ነበርና «ጠሀ ያንብብልን» ተባለ። ማንበቡንስ አነባለሁ። የቸገረኝ ትርጉሙ ነው። ከአሥር ቃል አንድ ብይዝ ነው፤ ውሃ፣ በር፣ ወንድም፣ ይህን የመሳሰለውን። እንዳልተው፣ ሃያ ሰው እዚህች ሱቅ ውስጥ ተጠቅጥቆ አፌን አፌን ያያል። ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሰላት፣ ስመለስ ቦታ ተሻምተው ነው የማገኛቸው። ስለዚህ ዘጠኙን ቃል ከራሴ ሞላሁት።

እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ከዚያ ሁሉ ሰው ግማሹ አፈር ለበሰ፣ ግማሹ አዲሶቹ ሕንፃዎች ላይ ወጣ። እዚህ የቀረነው ሦስታችን ነን።

አሁን ያው ፊልም በአማርኛ ተተርጉሞ በቴሌቪዥን ይመጣል። ሠርኬ ሰሞኑን መሳቂያ አድርጋኝ ከረመች፤ እኔም አብሬያት ስስቅ ሰነበትኩ። ዛሬ ግን የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ሳቁ አልመጣልኝም።

በካሳ ምክንያት ነው። በደርግ ጊዜ ካሳና ታናሽ ወንድሙ አያልነህ በአፈሳ ተይዘው ለውትድርና ሲጓዙ፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲያዘግም ዘለሉ። ተኩስ ሆነ። ከመዝለላቸው በፊት «ብንጠፋፋ እህል በረንዳ እንገናኝ» ተባብለው ነበር። ካሳ መጣ። አያልነህ አልመጣም። ይኸው ካሳ እዚሁ እህል በረንዳ ኩንታል ሲሸከም ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲከዳው እንኳ አገሩ አልገባም። «መጥቶ ቢያጣኝስ?» ይላል።

በፊልሙም መጨረሻ ታናሽየው እየተተኮሰበት ወንዝ ይገባል፤ ውሃው ይውጠዋል። ከዚያ በኋላ ሰዎች ቆመው ማውራት ብቻ ነው። ያኔ ጽሑፉ ሲሮጥ ቀና ብል፣ ካሳ የሚያየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እኔን ነው። «ተሻግሯል» አልኩት። «ስሙን ቀይሮ ማዶ ይኖራል። ያልመጣው ወንድሙን እንዳያስይዘው ብሎ ነው።»

ከዚያች ቀን ወዲህ ካሳ ስለ አያልነህ የጠየቀውን ሁሉ «ስሙን ቀይሮ ይሆናል» ይለዋል። አሥራ ሰባት ዓመት በዚህ ቃል ኖረ። ቃሉ የኔ ነው።

ቴሌቪዥኑ ላይ ታናሽየው ወንዙ ዳር ደረሰ።

እግሬ ሳላዘው የስፌት መኪናዬን ፔዳል ይረግጣል። አሮጌ ናት፤ ስትሮጥ ሱቁን ታናውጠዋለች። ጨርቅ የላት፣ ክር የላት፣ ዝም ብዬ እረግጣለሁ።

«ኧረ ጋሼ፣ ያቺን መኪና ያቁሟት! አሁን ነው እንዴ?»

«የሰው ሱሪ ነው፣ ቀጠሮ አለብኝ!»

«ሱሪው እኮ መሬት ወድቋል!»

«ተው ጠሀ» ይላል ካሳ ቀስ ብሎ። «ልስማው።»

አቆማለሁ።

አንዱ መኮንን ለታላቅየው በአማርኛ ይነግረዋል፤ ጥርት ባለ አማርኛ። ወንድምህ ተመትቷል። ሬሳውን ከወንዙ ግርጌ አግኝተነዋል። መጥተህ ቅበር።

ሠርኬ አፏን ከፍታ ወደ እኔ ትዞራለች፤ ካሳን ታይና መልሳ ትዘጋዋለች። ሻይ ቀድታ ታቀብለዋለች። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል። ውጭ ጋሪ ገፊዎች «ዘወር! ዘወር በል!» እያሉ ያልፋሉ።

«ካሳ» እላለሁ፣ «እኔ ዓረብኛ አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር። ፊደሉን ብቻ ነው የማነበው።»

ሻዩ በእጁ ላይ ይበርዳል።

«የዋሸኸኝ ፊልሙን ነው» ይላል በመጨረሻ። «አያልነህን አይደለም። የአያልነህን ገና ማንም አላነበበውም።»

የወደቀውን ሱሪ ከመሬት አነሣለሁ።

«አሁን ስንት ይሆነዋል?» ይለኛል።

ማን ብዬ አልጠይቅም። «ስትለያዩ ስንት ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

በጣቴ እቆጥራለሁ። «እንግዲያማ ስልሳ ሊደፍን ነው።»

«ስልሳ?» ካሳ ብርጭቆውን መሬት ያስቀምጣል። «እኔ እኮ፣ ጠሀ፣ እስከ ዛሬ እሱን ፍለጋ በመንገድ ሳልፍ የማየው ጎረምሳ ጎረምሳውን ነው።»

ይነሣና አግዳሚዋን ጎትቶ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ ያዞራታል። ሄጄ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ከተክለ ሃይማኖት በኩል ሰው እንደ ጎርፍ ይመጣል፤ ወጣቱ ተሸክሞ፣ እየሮጠ፣ እየተጋፋ። ከኋላቸው አንድ ሸበቶ ሰውዬ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዝግ ብሎ ይራመዳል።

ካሳ አንገቱን ያሰግጋል።