ከቀጠሮው በፊት

አማቷ አገጯን በሁለት ጣት ይዘው የተቃጠለ ጉንጯን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። "የኩሽና አደጋ ነው፣ ዶክተር፤ ዘይት ተፈናጥሮባት ነው፣" አሉ እሷን ቀድመው። "ቶሎ የሚያጠፋው የትኛው ነው?" የቆዳ ሐኪሙ ጠባሳውን ቀስ ብሎ ዳሰሰው። "በጥቃቅን መርፌ ስንወጋው ቆዳው ራሱን ያድሳል፤ ግን ብዙ ጊዜ ተመላልሳችሁ ነው። ሌዘሩ ጠለቅ ብሎ ይሠራል፤ ካልተጠነቀቅን ግን ያጠቁረዋል። በኬሚካል መላጡ ደግሞ የላይ የላዩን ነው፤ ለእንዲህ ያለው አይበጅም።"

"ለቀጠሮው የሚደርሰውን ስጠን፣ ልጄ።"

"የምን ቀጠሮ?"

የአሮጊቷ ጣት አገጯ ላይ ጠበቀ። ያን እጅ ታውቀዋለች። በተቃጠለችበት ዕለት አብረዋት እያለቀሱ፣ "የቤት ገመና ነው፣ ቻይው" እያሉ ቅባት የቀቧት በዚሁ እጅ ነበር። አሁን ቀስ ብላ ከአገጯ አላቀቀችውና ጭናቸው ላይ አኖረችው። "የፍርድ ቤት ነው፣ ዶክተር። ዘይቱን የደፋብኝ ልጃቸው ነው። ዳኛዋ ፊቴን ሳታይ ማንም አይነካውም።"

"አንድ ልጄን! አንድ ዓይኔን ልታጠፊብኝ!" ብለው ጮኹ አሮጊቷ።

"አውቃለሁ፣ እማዬ፣" አለችና ተነሣች። ጉልበታቸው ደረጃ አይችልም ነበርና ክንዷን ሰጠቻቸው። እሳቸውም ክንዷን ጥርቅም አድርገው ይዘው፣ እስከ ታች ድረስ እየረገሟት ወረዱ።