ኢስታንቡል የቀረው ባል

ኢስታንቡልን የመረጠችው ያምሮት አልነበረችም። ለጫጉላችን ባሕር ዳር ይበቃናል ብላ ነበር። ቡሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ መካኒክ የሆነው ባሏ ስመኘው ግን ርካሽ የአውሮፕላን ቲኬት አግኝቻለሁ ብሎ ሙጭጭ አለ።

አክስቷ አቻምየለሽም ጉዞውን አልወደደችውም። «ስንት አገር እያለ ምን ስትሉ እዚያ?» አለች። አቻምየለሽ ልጅ አልወለደችም። ለሥራ ቤይሩት የሄደችው ታናሽ እህቷ ሞተች የሚል መርዶ መጥቶ፣ ተዝካሯ በትውልድ ቀዬዋ በፈረስ ቤት ከወጣ በኋላ፣ ገና ድክ ድክ የምትለውን ልጇን ያምሮትን ቡሬ አምጥታ አሳደገቻት። ያምሮት ከእሷ የምትሸሽገው ነገር የላትም።

ኢስታንቡል አክሳራይ ሠፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩ። ያዩትን ሁሉ ያዩት በነጻ ወይም በጥቂት ሳንቲም ነው። መስጊዶቹን ጫማቸውን አውልቀው ጎበኙ፤ አያ ሶፊያ መግቢያው ስለተወደደባቸው ደጁ ላይ ፎቶ ተነሡ። ምሳቸው ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ ነበር፤ እሱንም ባሕሩን በጀልባ ሲሻገሩ ለባሕር ወፎች ያካፍላሉ። ያምሮት በዚያ ውሃ ላይ የሳቀችውን ያህል በዕድሜዋ ስቃ አታውቅም።

ሲመሽ ታክሲም ወደሚባለው አደባባይ ይወጣሉ። እዚያ ለሙዚቃ አይከፈልም፤ ጎዳናው ክላርኔት በሚነፋና ከበሮ በሚመታ ሰው ተሞልቷል። ያምሮት እስክስታ ስትመታ አላፊ አግዳሚው አጨበጨበላት። ዞር ስትል ስመኘው የለም።

«መንገድ ጠፍቶኝ ነው» አለ ሲመለስ። በማግስቱም እንዲሁ ጠፋ። ስልኩንም ደፍቶ ማስቀመጥ ጀመረ።

በሦስተኛው ምሽት ተከተለችው። ከጎዳናው ጀርባ ባለ ቅያስ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ገባ። በመስኮቱ አየች። ቀጠን ያለች፣ ሻሽ ያሰረች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። የስመኘውን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ጉንጩን ደጋግማ ሳመችው። እሱም አቀፋት።

ክፍላቸው ሲመለስ «ማን ናት?» አለችው።

ስመኘው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ትንሽ ቀን ታገሺኝ። ሳላረጋግጥ አልነግርሽም።»

«የምን ማረጋገጥ ነው? አቅፈሃት አይቻለሁ።»

«ያምሮት፣ እመኚኝ።»

ወጥታ ለአክስቷ ደወለች፤ እያለቀሰች ያየችውን ሁሉ ነገረቻት። አቻምየለሽ ቶሎ ብላ ጠየቀቻት።

«ሴትዮዋ አይታሻለች?»

«አላየችኝም።»

«አላናገርሻትም?»

«ምን ብዬ ላናግራት፣ እትዬ?»

«ደግ አደረግሽ። እንዳትጠጊያት። ሻንጣሽን ይዘሽ ነዪ፣ ልጄ።»

ያምሮት ብቻዋን ተመለሰች። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ስትመጣ አቻምየለሽ ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄዳ ተቀበለቻት፤ እስከ ቡሬ እጇን አልለቀቀችም።

ስመኘው ግን ቀረ። «ቆንስላ የጀመርኩት ጉዳይ አለ» የሚል መልእክት ላከ፤ ያምሮት ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሣችም። ሠፈሩ ቱርክ ላይ ሌላ አገባ ብሎ አወራ። «ይቅርብሽ፤ እኔ አለሁልሽ» ትላታለች አቻምየለሽ። ያምሮት ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ያ መስኮት ይመጣባታል።

ወር አልፎት ስመኘው ቡሬ ገባ፤ ሽማግሌም ላከ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ከሁለት አዛውንቶች ጋር አቻምየለሽ ቤት ተቀመጡ። ስመኘው ከስቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ፊታቸው ቆመ።

«ልጄ» አሉት መሪጌታ፣ «በሰው አገር ሚስትህን ያስከፋህባት ሴት አለች ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ የኔታ።»

ያምሮት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ውሸት ነው እንዲል ትጠብቅ ነበር።

«አሁን የት ናት?»

«ይዣቸው መጥቻለሁ። ደጅ ናቸው።»

ለዚያች ሴት አንቱታ መስጠቱ ያምሮትን ከሁሉም በላይ አቃጠላት። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። አቻምየለሽ ብድግ ብላ ወደ በሩ ሄደች።

«ቤቴን አትረግጥም» አለች። መቀርቀሪያውን ልትጥል ስትል በሩ ከውጭ ተገፋ።

የገባችው ሴት ጸጉሯ ሸብቷል። ያምሮትን ብዙ አየቻት። ከዚያ ወደ አቻምየለሽ ዞረች።

«እትዬ፣ ከቤይሩት ቱርክ መሻገሬን እያወቅሽ፣ ለልጄ እናትሽ በምን በሽታ ሞተች ብለሽ ነው የነገርሻት?»