ጀርባዋን የሰጠችው ሴት

ዲጋምባር ለንደን ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ የሣለው አንዲት ሴት ብቻ ነው፤ ጀርባዋን የሰጠች፣ ጉንጉኗን ወደ ጎን ያደረገች፣ ማጅራቷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባት።

ዝናው ግን አልጣመውም። ፎቶ አይነሳም። ሰው ሲያመሰግነው ሌባ የተባለ ይመስል ያቀረቅራል።

ከሕንዷ ናግፑር አብሮት የመጣው ማዱካርም ሠዓሊ ነበር። የሚኖሩት በአንድ ክፍል ነው፤ እንግሊዛዊቷ አከራይ መለየት ቢያቅታት ሁለቱንም በአንድ ስም ትጠራቸው ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን ዲጋምባር ብቻ ነው። ማዱካር ሊባረር ሳምንት ሲቀረው፣ ሳንባ ምች ገደለው የሚል ቴሌግራም አገር ቤት ለሚስቱ ደረሳት። ላኪው ዲጋምባር ነበር።

ትልቁ ዐውደ ርእይ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እንደ ታላቅ ወንድም "ዳዳ" የምትለው ጣፋጭ ሻጯ ጎረቤቱ ሄምላታ እየሳቀች መጣች።

"ዳዳ፣ እንግዳ ጠርቼልሃለሁ። የማዱካርን ሚስት፣ ቫትሳላን!"

ብሩሹን ሻይ ውስጥ ነከረው።

"ማን ጥሪ አለሽ?"

"ምነው? እናትህ ሲሞቱ እንኳ አገር ቤት አልሄድክም። ናፍቆትህ ይውጣልህ ብዬ ነዋ!"

"የሰው ነገር ወስጄ ነው የኖርኩት፣ ሄምላታ። የሙት ነገር። እንቅልፍ የለኝም።"

ሄምላታ ብሩሹን ከሻዩ አወጣችለት። ሥዕሎቹ የማዱካር ናቸው የሚለውን ሐሜት ሰምታዋለች።

"እንግዲያው ለራሷ ንገራት" አለችው።

በመክፈቻው ቀን ሄምላታ ቀይ ዱቄት በሳህን ይዛ በር ላይ ቆመች። ለሚገቡት ባለትዳር ሴቶች ሁሉ ግንባራቸው ላይ ነጥብ ታደርጋለች። ነጭ የለበሰችው ቫትሳላ ስትደርስ ግን ሳህኑን ሸሸግ አደረገች። ባሏ የሞተባትን ሴት ቀይ አይነካትም።

ዲጋምባር ጓዳ ተደብቋል። ቫትሳላ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ማጅራቷን ዳበሰች።

"ይቺ እኔ ነኝ" አለች። "ጠባሳው ከሠርጌ በኋላ ፋኖስ ያቃጠለኝ ነው። ዲጋምባር የሚሉት ሰው በዓይኑ አይቶኝ አያውቅም። ይሄ የባሌ እጅ ነው! ጥሩልኝ ያንን ሌባ!"

ሄምላታ የጓዳውን በር አንኳኳች።

"ውጣ ዳዳ። ፊት ለፊት ይቅርታ ጠይቃት።"

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ቫትሳላ ልትጮኽበት አፏን ከፈተች፤ አየችውና መልሳ ዘጋችው።

"ይቅር በይኝ" አላት።

ዘወር ብላ ወደ በሩ ሄደች፤ ጣቷን የሄምላታ ሳህን ውስጥ ከተተችና ግንባሯ ላይ ቀይ ነጥብ አደረገች።